የተጀነነው ሾፌር አንገት

እናቴ ሰውን የምትመዝነው በአንድ ቃል ነው፤ መጀነን። ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ባለችው ምግብ ቤታችን ከዚህ ቃል ያመለጠ የለም። ሰላምታ የማይመልሰው ፖሊስ "ጅንን ያለ" ነው። ከጎረቤት ሰፈር ከቡቲዬ መጥታ ደጃችን ላይ የምትተኛው፣ ለመኪና ጥሩምባ የማትነሳው ፍየልም "ጅንን ያለች" ናት። ከኩራትና ከጉራ በምን እንደሚለይ ስጠይቃት፣ "ኩራት የሚኮሩበት ነገር ይፈልጋል፤ ጉራ አፍ ይፈልጋል፤ ለዚህኛው አንገት ይበቃል" ትላለች።

እህቴ ይህን እያወቀች ሾፌር ወደደች፤ ያውም ኦቦ እስከምትባለው መንደር ድረስ እህል የሚያመላልስ። እናቴ ሾፌር መንገድ ላይ ይቀራል ብላ ትፈራለች። ቢሆንም "ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልየው" አለችና እሁድ ምሳ ተጠራ።

ገባ። ጎንበስ ማለት ቀርቶ አገጩን እንኳ ዝቅ አላደረገም። "እንደምን ዋሉ እናቴ" ሲል ዓይኑ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከጎን ስናናግረው ተሳቢ እንዳለው መኪና ከነወገቡ ይዞራል። እናቴ ያም ሆኖ ወግ አላጎደለችም፤ ጥሩ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችለት። ሰውዬው አንገቱን እንደማቅረብ በመዳፉ ተቀብሎ ራሱ ጎረሰው።

እናቴ እህቴ ወዳለችበት ጓዳ ገባች።

"ይሄማ ስዋሂሊዎቹ ማሪንጎ የሚሉት መጀነን ነው! ጉርሻዬን? በእጁ? ሽማግሌ እንዳይልክ ንገሪው!"

እህቴ ሽንኩርቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ግን ገና አልተላጠም።

እኔ በበሩ ሳጮልቅ ድመታችን ከሰውዬው ፊት ጥብሱን ትበላለች። እሱ ግድግዳውን እያየ ጅንን ብሎ ተቀምጧል። ነገሩ አላማረኝም። የሚጀነን ሰው ማን እያየው እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑ አያርፍም፤ ይሄ ግን ድመት ስትዘርፈው አያይም። ጠጋ ብዬ "አንገትህ ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"የኦቦ መንገድ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ጉድጓድ ውስጥ ስገባ አንገቴ ደርቆ ቀረ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ 'ይኸው፣ ሾፌር!' ብላ ትከለክለኛለች።"

"እማዬ! አንገቱን አሞት ነው!" ብዬ ጮህኩ። ለእኔ ምስጢር የሚነግር ሰው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እናቴ ቅቤ አሙቃ መጣች። በርጩማ ላይ አስቀምጣ ስታሸው "ኧረ በማርያም!" እያለ ሰፈሩን አናጋው። እሷ ደስ አላት።

"የሚጀነን ሰው እንዲህ አይጮህም። በል፣ ሽማግሌዎችህን ላክ" አለችው።

በሳምንቱ መጡ። በደንቡ የሴት ወገን ቶሎ እሺ አይልም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አገጯን ሽቅብ ሰቅላ፣ ጣራውን እያየች "እስቲ እናስብበት" አለች። ሽማግሌዎቹ ደግመው ለመኑ፤ እሷ ከጣራው አልወረደችም። ሾፌሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ቁርጡን ይጠብቃል። እህቴ በሩ ጀርባ ክንዴን በጥፍሯ ጨምድዳ ይዛለች፤ አንጀቴን በላችው።

ቀስ ብዬ ሄጄ እናቴ ጆሮ ሥር ጎንበስ አልኩ።

"እማዬ፣ ቅቤውን ላሙቅልሽ?"

ሳቋ አመለጣት፤ እሺታዋም አብሮ።