ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው «ገባን»

መምህር ከፈለኝን የማውቀው በግድግዳ በኩል ነው። እሱ አንደኛ ክፍል፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል እናስተምር ነበር፤ መሐላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ሳል እንኳ አያስቀርም። ከቴፒ ወጣ ብሎ በቡና መሐል ወዳለው ወደዚህ የሸኮ ቀበሌ ከመምጣቱ በፊት ማጂ ብዙ ዓመት አስተምሯል። ትምህርቱን ሲጨርስ ሁልጊዜ «ገባችሁ?» ይላል። ልጆቹ «ገባን!» ብለው ቆርቆሮውን ያናጉታል። ይህችን ቃል ከሰማ በቃ፣ ፊቱ በርቶ ነበር የሚወጣው።

እኔን ግን ታናድደኝ ነበር። እነዚያው ልጆች እኔ ዘንድ ሲደርሱ ፊደል አይለዩም።

«ምን አስተምረህ ነው የምትልክልኝ?» አልኩት አንድ ቀን።

«በጆሮሽ እየሰማሽ! ገብቷቸዋል። የምታስረሺያቸው አንቺ ነሽ፣ ሳባ» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ዓመት «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ክፍሉን ሊያዩ መጡ። እኔም ከኋላ ቆሜያለሁ። ያ ጩኸት ሲያበቃ አብሯቸው የመጣው የወረዳው ሱፐርቫይዘር፣ ኢዮሲያስ የሚባል አንድ ልጅ ለብቻው አስነሳና «አንተስ፣ ገባህ?» አለው።

«ገባሁ።»

«ገባኝ ነው የሚባለው። ምኑ ነው የገባህ?»

ልጁ ግራ ተጋብቶ እግሩ ሥር ያለውን መሬት አሳየ። «ክፍል ገባሁ፣ ቲቸር። ሲደወል ገባሁ።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ስቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከፈለኝ ግን ጠመኔውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚያወሩ ልጆች በአንድ አፍ «ገባን» ሲሉ፣ ለካ ከደጅ መግባታቸውን ነው የሚነግሩት።

«ማጂም ልጆቹ እንዲሁ ነበር የሚሉኝ» አለኝ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ዝናብ ተጠልለን።

ለጡረታው የቀረው አንድ መንፈቅ ነበር። «ገባችሁ?» ማለቱን ተወ። በየዴስኩ እየዞረ እያንዳንዱን ልጅ በቀስታ ይጠይቃል። አንድ ልጅ እንኳ ከልቡ «ገባኝ» እንዲለው ነበር ምኞቱ። መጽሐፉ ግማሽ ላይ ቀረ፤ ግድግዳው ዝም አለ። ሱፐርቫይዘሩ በግምገማ ላይ «ይህ ክፍል ሞቷል» አለ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከፈለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ ክፍሌ መጣ። «ሳባ፣ ኢዮሲያስ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አልገባኝም፣ ቲቸር› አለኝ! አልገባኝም አለ!» ደስታው አንጀቴን በላው። ላስረዳህ ቢለውስ፣ ጡረታው ደርሶ በየትኛው ጊዜው?

አሁን ጡረታ ወጥቶ ሚዛን ከተማ ቤቱ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ ጎበዝ ነው የተባለለት ወጣት መምህር ተመድቧል። «ገባችሁ?» ይላል፤ ቆርቆሮው ይናጋል። ነገሩን ብነግረው «ልጆቹ እኮ ንቁ ናቸው» ብሎ ሳቀ። ኢዮሲያስ አንደኛ ክፍልን ደግሟል። ድምፁን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም አስበልጦ የሚጮኸው እሱ ነው።