ታቦር ላይ ያወጣሁት መስመር

የሥራ ዘመኔ የተጀመረው ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ቅየሳ ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን ነበር። የቀጠረኝ ድርጅት የተራራውን የእግር መንገድ ሊያድስ ተዋውሏል። የሀዋሳ ሰው ማለዳ ማለዳ ለስፖርትና ለጸሎት ይወጣበታል፤ ዝናብ ሲጥል ግን መንገዱ ራሱ ጅረት ይሆን ነበር።

ዋናው ቀያሽ ጋሽ ንጉሤ ባለ ሦስት እግሩን ትራይፖድ ተክለው፣ መቀየሻ መሣሪያውን ጭነውበት ጠበቁኝ። የመሣሪያውን ውሃ ልክ አስተካከልኩ። ሌዳሞ የሚባል ከቱላ የሚመጣ ዘንግ ያዥ፣ ጫፉ ላይ የምናነጣጥርበት መስታወት፣ ፕሪዝም፣ የተሰካበትን ዘንግ ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ቆመ።

"ወደ ግራ በይው" አሉኝ ጋሽ ንጉሤ።

"ወደ ግራ" አልኩ።

"ለማን ነው የምትነግሪው?"

"ለሌዳሞ።"

"ሌዳሞማ እዚያ ላይ ነው። አንቺ ከትራይፖዱ ጋር ነው የምታንሾካሹኪው።"

አፍሬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። ሌዳሞ አሁንም አልሰማኝም፤ አጠገባችን ተንበርክከው ይጸልዩ የነበሩ ሴቶች ግን ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከዚያ በኋላ ተራራው ላይ መጮህ ተውኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሌዳሞ ጋር በእጅ ምልክት ተስማማን። ክንዴን ወደ ጎን ከዘረጋሁ ወደዚያ ይሄዳል። መዳፌን አናቴ ላይ ካደረግኩ ባለበት ይቆማል። ጡጫዬን ወደ ታች ከወረወርኩ ችካሉን ይመታል። ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ ካጣመርኩ ሁሉም ነገር ይቁም ማለት ነው።

ምልክቱ ከእኛ አልፎ ወደ ቆፋሪዎቹና ግንበኞቹ ተዛመተ። ግማሾቹ ሲዳሙ አፎ፣ ግማሾቹ ወላይትኛ፣ የቀሩት አማርኛ ይናገራሉ፤ እጅ ለሁሉም እኩል ነበር። የራሳቸውንም ጨመሩበት። አውራ ጣት ወደ አፍ ሲሄድ ሻይ ደረሰ ማለት ነው። በሌለ ሪዝ ላይ ጣት ሲሽከረከር ደግሞ ፎርማኑ እየመጣ ነው።

በሁለተኛው ወር ጋሽ ንጉሤ ወደ ሌላ ሳይት ሲዛወሩ የላይኛውን መንገድ ለእኔ ተዉልኝ።

"መስመሩ ያንቺ ነው" አሉኝ። "ከተበላሸ ያንቺ፣ ካማረ ግን የእኔ ተማሪ ነሽ።"

ብቻዬን ያወጣሁት የመጀመሪያው መስመር ነበር። ቁልቁለቱን ለክቼ መንገዱን በጎን እያጠማዘዝኩ አወጣሁት፤ በየመታጠፊያው ውሃው ተከፍሎ ወደ ነባሩ ቦይ እንዲገባ። ከቦዩ ዳር ተፈጥሮ የሠራው የአፈር ጉብታ አለ። ጎርፉን ከታች ካሉት ቤቶች የሚመልሰው እሱ ስለሆነ መስመሬን በጥንቃቄ ከእሱ አርቄ አዞርኩት።

ፎርማኑ አቶ ታደሰ ሥራ የሚያውቁ፣ ድምፃቸው ሀይቁን የሚሻገር ሰው ናቸው። ችካሎቼን አይተው ሳቁ።

"ሰብልዬ፣ ይሄን መስመር አንቺ ነሽ ያወጣሽው ወይስ እባብ?"

"ለውሃው ነው፣ ፎርማን።"

"ሰው ስፖርት ሊሠራ ነው የሚወጣው። ቀጥ ቢል ምን አለበት? ድንጋይም እንቆጥብ ነበር።"

መልስ ነበረኝ፤ ግን አንገቴን ደፍቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የተስማማን መሰለኝ። ለካ እሳቸውም ዝምታዬን እሺ ብላለች ብለው ወስደውታል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ታችኛው መታጠፊያ ላይ ሆኜ በመሣሪያው መነጽር ወደ ላይ ሳይ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ችካል አጣሁ። መነጽሩን ወደ ጎን አዞርኩት። አዲስ የኖራ መስመር ሽቅብ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ቆፋሪዎቹም ጉብታውን በዶማ ጀምረውታል።

ሮጬ ብወጣ አልደርስም። ብጣራ አይሰሙኝም። ከመሣሪያው ራቅ ብዬ ገላጣ ቦታ ላይ ቆምኩና ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ አጣመርኩ።

መጀመሪያ ያየኝ ሌዳሞ ነው። እሱም እጆቹን አጣመረ። ዶማዎቹ ባሉበት ቀሩ።

"ምን ሆናችሁ? ቀጥሉ እንጂ!" የአቶ ታደሰ ድምፅ እኔ ድረስ መጣ።

"አቁሙ ብላለች" አለ ሌዳሞ።

"መቼ ተናገረች? እኔ ምንም አልሰማሁ!"

"ፎርማን፣ የእሷ ንግግር በዓይን እንጂ በጆሮ አይሰማም።"

ቆፋሪዎቹ ሳቁ፤ ዶማ ያነሳ ግን አልነበረም።

እየወጣሁ ጋሽ ንጉሤ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው።

"መስመሩ የማን ነው?" አሉ።

"የእኔ።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን ትደውያለሽ?" ስልኩን ዘጉት።

ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር። አቶ ታደሰ ወገባቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

"ሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?"

"ይቅርታ፣ ፎርማን። ያኔ ሲጠይቁኝ ልነግርዎት ይገባ ነበር። አንድ ጀሪካን ውሃ እዚህ ያፍሱልኝ።"

"የሲሚንቶ ማቡኪያውን ውሃ? በአህያ ተጭኖ የወጣውን?"

"ግማሹን ብቻ።"

አጉረመረሙ፤ ግን ራሳቸው ጀሪካኑን አንስተው ግማሹን አዲሱ ቁፋሮ ላይ አፈሰሱት። ውሃው ቀጥ ያለውን መስመር ይዞ ወረደ። ጉብታው ጋ ሲደርስ ዶማው በነከሰው ቦታ ሾለከና ቁልቁል ተንዶለዶለ። ሁላችንም በዓይናችን ተከተልነው። ከሥሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ነበሩ፤ አንዲት ሴት ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

አቶ ታደሰ ጀሪካኑን እንደያዙ ቁልቁል ሴትየዋን አዩ።

"ይሄ እንግዲህ ግማሽ ጀሪካን ነው" አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ድምፃቸው ተመለሰ። "ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አፈሩን መልሱና ጠቅጥቁት! በችካሏ ነው የምንሄደው!"

ያን ቀን ስንወርድ ያሉኝን አልረሳም። "ተማሪ ቤት እንዲህ ያስተምራሉ?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። "ደግ ነው" አሉ።

መንገዱ አሁን በድንጋይ ተነጥፎ አልቋል። ክረምት አልፎበታል፤ ውሃው በየመታጠፊያው እየተከፈለ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ቀይሻለሁ፤ ታቦር ላይ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ግን ደረቴ ይነፋል።

ለጀማሪ ቀያሾች የምለው ይህን ነው፤ ችካል መትከል የሥራው ግማሽ ነው። ለምን እዚያ እንደተተከለ ለሚቆፍረው ሰው ካልተነገረ መስመሩ ገና አልወጣም።

ያን ሐሙስ በማግስቱ ጠዋት መዶሻና አዳዲስ ችካሎች ይዤ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። የተነቀሉትን በየቦታቸው ስመታ አንድ ሯጭ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ቆመ።

"እህት፣ ይሄ መንገድ ለምንድነው የሚጠማዘዘው?"

መዶሻዬን አስቀምጬ ጉብታው ጋ ወሰድኩትና አስረዳሁት።