የእትዬ ዘነበወርቅ ድንኳን

እኔ ፈቀደ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የአራዳን ሰው ለለቅሶ ስጠራ የዋሸሁት አንዴ ብቻ ነው። ያስዋሹኝም እትዬ ዘነበወርቅ ናቸው፤ ኃጢአቱ በሳቸው ይሁን።

እትዬ ዘነበወርቅ ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ ባለው ባለ ሰገነት የእንጨት ቤት ተወለዱ፤ እዚያው ተዳሩ፤ እዚያው ባል ጠፋባቸው። ገብረአምላክ የሚባለው ባላቸው ባለ ወርቅ ጥርስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት «ጨው ጭኜ በሳምንቱ እመለሳለሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። አንቱታዬን አላባክንለትም! እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው አያውቁም። «ሌሊት ቢመጣስ?» ይላሉ። የሰፈሩ ሴቶች «ይሄኔ ሌላ አግብቶ ይሆናል» ሲሏቸው ሳምንት ያኮርፋሉ።

አንድ ዓርብ ኢንጂነር ማቲዎስ የሚባል ሰው መጥቶ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። ቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ይፈርሳል ተባለ። ቅርስነቱን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ የሚፈረመው ደግሞ ሰኞ! ጉድ እኮ ነው።

«ደብዳቤውን ካመጣችሁ አልነካውም፤ እስከዚያ ግን ትእዛዝ ነው» አለ።

እትዬ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ተስፋሁን ሄዱ።

«ድንኳን ስጠኝ። ባሌ ሞቷል።»

«ማን አረዳሽ?»

«ልቤ።»

«ሬሳ በሌለበት?»

«ደንቡ ‹ባል› ይላል እንጂ ‹ሬሳ› ይላል?»

ጋሽ ተስፋሁን ደንቡን ሦስት ጊዜ አገላብጠው አዩት። እውነትም አይልም።

ድንኳን በተተከለበት ደጅ ዶዘር የሚያስነሳ ሐበሻ የለም፤ ሠልስት እስኪወጣ ይጠበቃል። ከቅዳሜ ቢቆጠር ሠልስቱ ሰኞ ይውላል። አይ እትዬ ዘነበወርቅ፣ ተንኮሉንስ ያውቁበታል!

ጎህ ሲቀድ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። የታዘዝኩት ሰፈሩን ብቻ እንድዞር ነበር። አመል አይደል፣ ትንፋሽ ስለተረፈኝ እስከ አትክልት ተራ ወረድኩ። «ሹፌር ገብረአምላክ፣ የእትዬ ዘነበወርቅ ባለቤት ስላረፈ ለቅሶ ድረሱ!» ቲማቲም የሚያራግፉት የመቂ ሹፌሮች ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ኢንጂነሩ ዶዘሩን አስከትሎ ሲመጣ ድንኳኑ ሰው ጢም ብሎበታል። ምን ያድርግ? ሄልሜቱን አውልቆ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። የዶዘሩም ሹፌር ተከትሎት ገባ፤ ጎረቤታችን ከዲጃ ለሁለቱም ንፍሮ ዘገነችላቸው። እትዬ ዘነበወርቅ ለይስሙላ «ወይኔ ገብሬ!» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ማቆም አቃታቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የታቆረ እንባ ነበር። አንጀቴን በሉት፤ እኔም አለቀስኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ሳጥን ሙሉ ቲማቲም ተሸክሞ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ።

«ገብረአምላክ ሞተ የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

የወርቅ ጥርሱን ሳየው ክው አልኩ። ራሱ ነው! ለካ መቂ ሌላ ትዳር ይዞ ኖሯል። የኔን ጥሩምባ የሰሙት ሹፌሮች መርዶውን እዚያ ድረስ አደረሱለት፤ እሱም የራሱን ሞት ሊያጣራ መጣ።

ምነው ትንፋሼ በተቆረጠ! ኢንጂነሩ ሟች በሕይወት እንዳለ ካወቀ ድንኳኑም ቤቱም አለቀላቸው። እትዬ ዘነበወርቅ አዩት። ደረታቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው ጋቢ እስከ አፍንጫው አከናነቡትና ኢንጂነሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«የሟች ወንድም ነው» አሉ። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው ደግሞ፣ «ትንፍሽ ብትል ሞትህን እውነት አደርገዋለሁ።»

ኢንጂነሩ አዘነለት። «ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ሲል ጠየቀው።

«ደግ ሰው ነበር» አለ ገብረአምላክ አንገቱን ደፍቶ።

«ውሸታም ነበር» አሉ እትዬ ዘነበወርቅ፣ ንፍሮ እየጨመሩለት።

ሰኞ ከቀትር በፊት ደብዳቤው ደረሰ። ኢንጂነሩ ማኅተሙን አገላብጦ አየና ዶዘሩን ይዞ ሄደ። እልል ተባለ፤ ድንኳኑም ተነቀለ። ያኔ ገብረአምላክ ጋቢውን ገልጦ የሰገነቱን ደረጃ ወጣ።

«ዘነቡ፣ እንግዲህ ልግባ?»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ? እኔ ባሌን አልቅሼ ሠልስቱን አውጥቻለሁ» አሉትና በሩን ዘጉ። ወዲያው መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ።

ታክሲ ድረስ ሸኘሁት። የተረፈውን ንፍሮ ከኪሱ እያወጣ ይቅማል።

«ለመሆኑ ስንት ሰው አለቀሰልኝ?» አለኝ።

«ከልባቸው ያለቀሱልህ እሳቸው ብቻ ናቸው» አልኩት። «እሳቸውም ጨረሱ።»