የዘይነባ ሰንጢ

ግራና ከተማ አጠገብ ባለው ችግኝ ጣቢያ የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ዕለት ኃላፊው አቶ ጌታሁን አንድ ካርቶን ሰንጢ ፊቴ ዘረገፉ። "እነዚህ ሙዝም አይልጡ" አሉኝ። ከዚያ በፊት መርሳ ገበያ ላይ ማጭድና ቢላ እስል ስለነበር ሰንጢ ሥራ መስሎ አልታየኝም። ድንጋዬን ይዤ ከምሳ በፊት ጨረስኳቸው። አቶ ጌታሁን አንዱን አንስተው ቀንበጥ ጠረቡበትና ራሳቸውን ነቅንቀው መልሰው አስቀመጡት። ያ ከስድብ በላይ አናደደኝ።

የጣቢያው ዋና ሥራ ማንጎ ማዳቀል ነው። ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ጫፉ ይጠረብና በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ተገጥሞ በላስቲክ ይታሰራል። ሁለቱ የተቆረጡ ፊቶች ያለ ክፍተት ካልተገናኙ ቀንበጡ ይደርቃል። ስለዚህ ሰንጢው በአንድ በኩል ብቻ ተስሎ ሌላው ጎኑ ለጥ ያለ መሆን አለበት። በእጅ ሲሳል ድንጋዩ ይወዛወዛል፤ ለጥ ማለት ያለበትም ጎን አብሮ ይፋቃል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከወልድያ አዲስ መሳያ መጣልን። ሰንጢውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ መቆንጠጫ፣ ድንጋዩ የሚታሰርበት ዘንግ፣ ዘንጉን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን አለው። ማዕዘኑ አንዴ ከተስተካከለ እጅ ቢንቀጠቀጥም ድንጋዩ ከመስመሩ አይወጣም። "ስለት የሚወጣው በእጅ እንጂ በብሎን ነው?" ብዬ ሳቅሁበት። ሳምንት ሳይሞላ ግን ማንም ከእጄ የሚያስጥለኝ አልተገኘም።

በሻካራው ድንጋይ ጀምሬ በለስላሳው እጨርስና፣ ጠርዙ ላይ የምትቀረውን ስስ ብረት በቆዳ ቀበቶ አነሳ ነበር። ስለቱን ክንዴ ላይ ስለምሞክር ፀጉር አልቀረልኝም። ባለቤቴ "ሌላው ክንድህም ሲመለጥ የማንን ልትላጭ ነው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሳይደርቅ የሚይዘው ችግኝ በዛ። ሠራተኛው ሁሉ ደስ አለው፣ ከዘይነባ በቀር። ዘይነባ የግራና ልጅ ናት፤ ፈጣንና ግራኝ። ቀድሞ ሥራዋ ከማንም አያንስም ነበር። አዲሱ መሳያ ከመጣ ወዲህ ግን የእሷ መደብ ብቻ ይደርቅ ጀመር።

ወሬው ተነሣ። "ግራ እጅ ለተክል አይሆንም፤ በረካ የለውም" አሉ። አንዳንዶቹ እሷ የነካችውን ቀንበጥ መንካት ተዉ። አቶ ጌታሁን እንዲህ ያለ ነገር አያምኑም፤ የደረቀውን መደብ ግን ያያሉ። "የሚቀጥለውም ከደረቀ ወደ ውሃ ማጠጣት አዛውራታለሁ፤ ቀንበጡ እየባከነ ነው" አሉኝ። ውሃ አጠጪ ደግሞ ዝናብ ሲገባ ይሰናበታል። ዘይነባ እናቷንና ታናናሾቿን የምታስተዳድረው በዚሁ ሥራ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰንጢዋን ይዛ መጣች።

"አያ ይመር፣ ለእኔ ሲሆን አይስሉልኝም እንዴ?"

"ከሁሉም እኩል ነው የሳልኩልሽ!" አልኩ ተቆጥቼ።

"እንግዲያው ይዩት።"

ቀንበጥ አንስታ ጠረበች። ፊቱ እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ወጣ። ተቀብዬ በቀኜ ጠረብኩ፤ ለጥ አለ። ድገሚ አልኳት፤ አሁንም ጎደጎደ።

"ወላሂ፣ እጄ ነው ማለት ነው" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ወሬውን ላምን ምንም አልቀረኝም።

አቶ ጌታሁን ድምፃችንን ሰምተው ገቡ። ቀንበጦቹን አገላብጠው አዩና "እስቲ ሳትቆርጡ በተራ ያዙት" አሉ። እኔ ስይዘው ለጥ ያለው ጎን ቀንበጡ ላይ ተኛ። እሷ ስትይዘው የተሳለው ጎን መጥቶ ቀንበጡ ላይ አረፈ። ሦስታችንም አየነው። ዱሮ በእጄ የሳልኳቸው ሁለቱም ጎናቸው ስለተፋቀ ለቀኝም ለግራም እኩል መጥፎ ነበሩ። መሳያው ለቀኝ ሲያስተካክል ግራኟን ጥሏት ሄዷል።

"በሉ ይገልብጡላታ!" አሉኝ አቶ ጌታሁን።

ሰንጢውን ገልብጬ መቆንጠጫው ላይ አሰርኩ። አሮጌውን ስለት በሻካራው ድንጋይ ፍቄ አጠፋሁና በሌላው በኩል አዲስ አወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ዘይነባ ሞከረችው፤ የቀንበጡ ፊት ለጥ ብሎ ወጣ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት መደቧን እዞር ነበር። ቀንበጡ ሳይጠወልግ ሰነበተ፤ ጫፉ አበጠ፤ በመጨረሻ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። በማግስቱ ከጎኑ ያለው፣ ቀስ በቀስም መደቡ በሞላ አቆጠቆጠ። እፎይ ብዬ መደቡ ዳር ቁጭ አልኩ። ዘይነባ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አቶ ጌታሁን ስለ ውሃ ማጠጣቱ ዳግመኛ አላነሡም። ስለ በረካ ሲያወሩ የነበሩትም ሥራ ሲበዛባቸው "ዘይነባ፣ እባክሽ ጥረቢልን" ማለት ጀመሩ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ መርሳ ተቀምጫለሁ። መሳያውን ለተካኝ ሰው ሳስረክብ ብዙ አላስተማርኩትም፤ ይህን ብቻ አልኩት፦ መሳያው ማዕዘኑን ይጠብቃል፤ ሰንጢውን ማን እንደሚይዘው ግን አያውቅም። ከመሳልህ በፊት በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ጠይቅ።