አባቴን የገደለው ምች አልነበረም

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወሎ ሰፈር

ከእናቴ ጋር የወጣነው ካዛንቺስ ካለች የልብ ሐኪም ዘንድ የምርመራ ውጤቴን ለመስማት ነው። አባቴ የሞተው በአርባ አራት ዓመቱ ነበር። እኔም በሚቀጥለው ወር አርባ አራት ይሞላኛል፤ ውፍረቴም ቁርጥ የእሱ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተጣበበች ሴት «ለመሆኑ፣ የሁለት ሰው ነው አይደል የከፈልከው?» ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅኩላት። ውስጤ ግን ፈርቷል።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ

መስቀል አደባባይ ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝን። ካዛንቺስ የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ክሊኒኩን ሁለት ጊዜ አለፍነው። ደረጃውን እናቴ በሰባ ዓመቷ ቀድማኝ ወጣች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ሳትገልጥ «አባትዎ በምን ሞቱ?» አለችኝ።

«ምች መትቶት» አልኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ልቡን ነበር። ሁለት ዓመት ታሟል። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብለን ደበቅን።»

ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ!

«የምግብ ፍላጎትም ከወላጅ ይወረሳል» አለች ሐኪሟ። «አንዳንድ ሰው ሆዱ ሞልቶም መጥገቡ ቶሎ አይሰማውም። ክብደት ሲጨምር ግፊቱም ስኳሩም ይከተላል፤ ልብ ይጎዳል። ቀድሞ ያወቀ ግን ይጠነቀቃል።»

ከዚያ ወረቀቱን ገልጣ ውጤቱን ነገረችኝ፤ የልቤ ደም ሥሮች መጥበብ ጀምረዋል። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ በእግር መሄድና ምግብ መቀነስም። «ወንድም፣ እህት ካለዎት ይመርመሩ» አለችኝ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር የምትኖር ዓለም የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ፤ እሷም እንደኔ ወፍራም ናት።

አምስት ሰዓት

እዚያው ሰፈር በያይነቱ አዘዝን። እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ አፌ ድረስ አምጥታ መለሰችው።

«እኔ እኮ ሆዳም እያልኩ ነው ያሳደግኩህ» አለች። እንባዋ መጣ። አሳዘነችኝ። ቀጥላ ግን «ለዓለም እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች» አለችኝ።

«እማዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትይ አልነበር?»

ሒሳቡን ከፍዬ ወደ ቤት ታክሲ ያዝን።

ሰባት ሰዓት፣ ቤት

ዓለም ቀድማን መጥታ ስትጠብቀን አገኘናት። «ምን አሉት?» አለች። ርሃቤን ከአባቴ ወርሼዋለሁ፤ መደበቁን ግን እንደማልወርስ በዚህ ጉዞ ቆርጫለሁ። ልናገር ስል እናቴ በእጇ አስቆመችኝ። የለመደችውን «ደህና ነው» ልትል ነው ብዬ ሰጋሁ።

እሷ ግን ዓለምን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ልጄ፣ ነገ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ» አለቻት። «መጀመሪያ ግን አባትሽ በምን እንደሞተ ልንገርሽ።»