መሃል ላይ ያረምኩት ታሪክ

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝ አንድ የቀትር ጓደኛና የአንድ ታሪክ መጨረሻ ነው። ነጋዴ ነኝና ብዙ ነገር ተምኛለሁ፤ ይህን ግን ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባሮ ዳር፣ ከድሮው ወደብ አጠገብ፣ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ቤት ካሉት ነው፤ ጥቂት አግዳሚና አንድ የማንጎ ዛፍ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከተማውን ያስተኛዋል። ወንዙ ራሱ የሚፈስ ሳይሆን አንድ ነገር ለማስታወስ የሚሞክር ይመስላል። የልብስ አጣቢዎቹ ድምፅ ከሩቅ፣ እንቅልፍ ውስጥ እንደሚሰማ ወሬ ይመጣል። ሱቄን ዘግቼ እዚያ እቀመጣለሁ፤ ያ ጓደኛዬም ይመጣል።

የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ያኔ ሒሳብ ያስተምር ነበር። አማርኛ አራተኛ ቋንቋው ነው። እኔ ያለኝ አንድ ብቻ ስለሆነ አጥብቄ ይዤዋለሁ። የእሱ አማርኛ ወንድና ሴት ባይለይም የሚሄድበት ይደርሳል። እኔ ግን ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ትምህርቴን ጭነት መኪና ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አስተማሪ ማረም ይጣፍጠኝ ነበር።

"እንዲህ አይባልም" እለዋለሁ።

"እሺ ጌታው" ይላል፤ ይስቃል፤ ይቀጥላል። ውለታ የዋልኩለት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የሚስቱ ወንድሞች ከድንበር ማዶ መጡና ወደ ሻይ ቤቷ ይዟቸው መጣ። በእነሱ ወግ ወንድ ልጅ በሚስቱ ዘመዶች ፊት እህል ውኃ አይቀምስም። ለሁሉም ሻይ አዘዘ፤ ለራሱ ግን አላዘዘም። በአማቾቹ ፊት የሚከበርበት ነገር ጨዋታው ብቻ ነበር። እንግዶቹ ቀድሞ እዚህ የስደተኞች ካምፕ ሳሉ አማርኛ ለምደዋል፤ እኛም ደገኞቹ አለን፤ ስለዚህ በአማርኛ ጀመረ።

"አባቴ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበረች" አለ። "ሱዳን የሚሄድ መርከብ ላይ ቡና ጫነች። ደከመች። ጆንያው ላይ ተኛች። ስትነቃ ዛፎቹ ይሄዳሉ።"

ዛፎቹ ሲሄዱ አየኋቸው። እውነቴን ነው፣ ማዶ ያለው ዳርቻ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የቀረ መሰለኝ። አፌ ግን አላረፈም።

"ተኛች አይባልም፤ ተኛ በል! አባትህን ሴት አደረግኻቸው እኮ!"

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ባለ ሻይዋም ሳቀች። ከአማቾቹ አንዱም ሳቀ፤ የከፋው እሱ ነው። ጓደኛዬ አልተቆጣም። ወንዙን ትንሽ አየና በቋንቋቸው አንድ ነገር አላቸው፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ቀትሩ ብቻውን ይመጣ ጀመር።

ጊዜ ሄደ። ክልሉ የራሱን ሰዎች ቢሮ ሲያስገባ እሱ የከተማ ቦታ የሚሰጥ ኃላፊ ሆነ። እኔ ደግሞ ወንዙ አካባቢ የመጋዘን ቦታ ፈልጌ ሄድኩ። ብድግ ብሎ ጨበጠኝ፤ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ የበሩን ዘበኛ ጠራ፤ እንዲያስተረጉምልን።

ያን ሁሉ ቀትር አብረን ያወራን ሰዎች በዘበኛ ተነጋገርን። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በቋንቋው። የዘበኛው አማርኛ ከእሱም የባሰ ነው። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት። ቦታው በደንቡ መሠረት ተፈቀደልኝ፤ አላጉላላኝም። ቢያጉላላኝ ይሻለኝ ነበር፤ ኩርፊያ ነው ብዬ እታረቅ ነበር።

ልወጣ ስል ዘበኛውን፣ "እስቲ ጠይቅልኝ፤ አባታቸው የት ወረዱ?" አልኩት።

ጠየቀልኝ። ኃላፊው በመስኮቱ ወንዙን እያየ መለሰ።

"ጋሼ፣" አለኝ ዘበኛው፣ "ኃላፊው አማርኛ በደንብ ስትችል ትነግርሃለች፣ ይላል።"

ገባኝ። አላረምኩትም።

ዛሬ ስልኬ ላይ የነጋዴዎች ግሩፕ አለ። ከዲማ ወርቅ ገዢው፣ ከጎግ በቆሎ ሻጩ አፋቸው እንዳመጣላቸው ይጽፋሉ። "ወንድሜ፣ እንዲህ አይጻፍም" የሚል አራሚም አይጠፋም። የታረመው ሰው ድምፁ ይጠፋል፤ የበቆሎው ዋጋም አብሮት ይጠፋል። ደግሞ ነገሩ ሳይገባው የሚያርም ሰው አይቼ አላውቅም። ከገባው ምን ቀረው?

መጋዘኑ እስከ ዛሬ ይሠራል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ይጨብጠኛል። አባቱ የት እንደወረዱ አላውቅም።