ታርጋ የሌላት መኪና የታርጋ መብራት

ኤልቃና የሠራት መኪና ታርጋ አልነበራትም፤ የታርጋ መብራት ግን ነበራት። ሞተሯ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ ነው፤ ወንበሮቿ ከሁለት የተለያዩ መኪኖች የመጡ ናቸው፤ አካሏን ኤልቃና ራሱ ከቱቦላሬና ከላሜራ በየደው። ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ሲቀጠር ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ቤት ያከራዩት አርሶ አደሩ ኦቦ ቦጂያ መኪናዋን የሚሠራበት ቦታም ሰጡት፤ ከከብቶቹ ጋጣ አጠገብ ያለውን የጭድ ዳስ። ጭዱን አውጥተው ሜዳ ላይ ከመሩት፤ ዳሱን ለምን እንደሚፈልገው እንኳ አልጠየቁትም። ኤልቃና ይህን ሲያነሳ ዛሬም «አራት ዓመት ዝናብ የመታው የእሳቸው ጭድ እንጂ የኔ ብረት አይደለም» ይላል።

በእነዚያ አራት ዓመታት መኪናዋ አስፋልት ረግጣ አታውቅም። እሑድ እሑድ ባለቤቱን ብዙነሽን ይዞ በጥርጊያው መንገድ እስከ ጸሎት ቤታቸው ይሄዳል፤ ሰኞ ባትሪውን አውጥቶ ቤት ውስጥ ቻርጅ ያደርጋል። ባትሪው በጉዞ ላይ ለምን ራሱን እንደማይሞላ አስቦበት ነበር። መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው ብሎ አለፈው።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አዳረሰ። ሚኒባሶች ቆሙ፤ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ መብራትም ጠፋ። የኦቦ ቦጂያ መሬት ከፕላኑ ካርታ ይግባ አይግባ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ግን ሌላ ነገር ነበር እንቅልፍ የነሳቸው። የባለቤታቸው የአዴ ደጊቱ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ከተሸፈኑ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። የዓይን ሐኪሞች ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ተጂ ከተማ ላይ ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ ተብሎ አዴ ደጊቱ ተመዝግበው ካርድ ወስደዋል። ሐኪሞቹ በወሊሶ በኩል ቀድመው ገብተዋል። እንደገና መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት ኦቦ ቦጂያ ወደ ዳሱ መጡ።

«ይቺ ነገር ተጂ ትደርሳለች?»

«ትደርሳለች ኦቦ። ትራፊክ ካልያዘን።»

«ዛሬ ትራፊክ የት አለና!»

ሐሙስ ጠዋት ወጡ። ኦቦ ቦጂያ ከፊት ተቀምጠው እርጥብ ሳር ጨብጠዋል፤ ለሰላም መምጣታቸውን መንገድ የዘጉት ወጣቶች ከሩቅ እንዲያዩ ነው። ኤልቃናም ለዚሁ ብሎ የፊት መብራቱንና ፍሬቻውን አብርቷል። ድንጋዩን እየዞሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዙ። ከከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቁ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ባትሪው ባዶ ነበር።

መንገድ ዳር ጤፍ ሲያበራይ የነበረ ገርባ የሚባል ገበሬ ውድማውን ትቶ በሬዎቹን ጠመደላቸው። እስከ ቤት ድረስ ጎተታቸው።

«ወንድሜ፣ ይቺ ቤንዚን የምትጠጣ ናት ወይስ ጭድ የምትበላ?»

«ለዛሬ ጭድ ናት» አለ ኤልቃና።

ገርባ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳቀባቸው፤ ሲደርሱ ግን ውሃ ጠጥቶ፣ አዴ ደጊቱን «እግዜር ብርሃኑን ይስጥዎት» ብሎ በሬዎቹን እየነዳ ተመለሰ።

ዓርብ ጠዋት ባትሪው አርፎ ጥቂት ስላገገመ መኪናዋ ተገፍታ ተነሳች። ኤልቃና ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ፤ አሥራ አንድ ተኩል ቮልት። ሞተሩ እየሠራ ወደ አሥራ አራት መጠጋት ነበረበት። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ጥብቅ ነው። ሽቦዎቹም አልተቆረጡም። ስለዚህ የሞተው ዲናሞው ነው ብሎ ደመደመ። ሌላ ዲናሞ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የአዲስ አበባ መንገድ ዝግ ነው።

ኦቦ ቦጂያ ዝናብ ባጠቆረው ጭድ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«ቀዩ መብራት የታለ?» አሉት።

«የምን ቀይ መብራት?»

«ቁልፍ ስትከፍት የሚበራው፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚጠፋው። እኔ በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነድቻለሁ። ባትሪ አልሞላ ባለ ቁጥር መካኒካችን መጀመሪያ የሚያየው እሱን አምፖል ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«እሱ እኮ ማሳያ ብቻ ነው ኦቦ። ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉ።

ኤልቃና ይህን ያለው ከፋብሪካው ልምድ ነው። እዚያ የማሽን ሰሌዳ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች ተቃጥለው ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ የመኪናዋን ሽቦ ሲዘረጋ ከዲናሞው የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ «የአምፖል ነው» ብሎ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ ትቶት ነበር። አሁን ሌላ የሚሞክረው ነገር ስላልነበረው ፕላስተሩን ፈታ። አምፖል ሲፈልግ ከመኪናዋ ላይ ሥራ የሌለው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ የታርጋውን። ነቅሎ አመጣውና በቁልፉና በቀጭኑ ሽቦ መካከል ገጠመው። ከተሰበረ የኋላ መብራት የተረፈ ቀይ ስባሪ ሸፈነበት።

ቁልፉን ሲከፍት ቀይ በራ። ገፍተው ሲያስነሷት አምፖሉ ጠፋ፤ ቴስተሩ ወደ አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ወጣ። ዲናሞው አልሞተም ነበር። ለመንቃት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ያቺ ጥቂት የምትደርሰው ደግሞ በአምፖሉ በኩል አልፋ ነው። ኤልቃና ቁጥሩን ለኦቦ ቦጂያ አሳያቸው። እሳቸው ከቁጥሩ ይልቅ የልጁን ፊት አዩ።

«ጌታ ይመስገን!» አለ ኤልቃና።

«መካኒኩም ይመስገን» አሉ።

እስከ ማምሻው ድረስ ሞተሩ ሳይጠፋ ባትሪውን ሞላ።

ቅዳሜ ወደ ተጂ ሲሄዱ ተፍኪ ላይ ወጣቶች አስቆሟቸው። አንዱ መኪናዋን ዞሮ አያትና «ኦቦ፣ ይሄ ወፍጮ ነው?» አለ። ሌላው ኤልቃናን «ሞተሩን አጥፋው!» አለው። የኤልቃና እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ። አልነሳ ካለች አዴ ደጊቱ እዚሁ ቀሩ ማለት ነው። አጠፋው።

«ነጋ ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጧቸው ኦቦ ቦጂያ ሳሩን እያሳዩ። የቀረውን በኦሮምኛ አስረዱ። ወጣቶቹ ጎንበስ ብለው ከኋላ የተቀመጡትን ሴት አዩ፤ «ወፍጮ» ያለው ልጅ ራሱ ድንጋዩን አነሳ። ኤልቃና ቁልፉን ከፈተ፤ ቀይ በራ። አዞረው፤ ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሳ።

«ቀዩ ጠፋ?» አሉ የአምፖሉን ነገር ዓርብ ማታ የሰሙት አዴ ደጊቱ።

«ጠፍቷል አዴ።»

በዚያው ቀን አንድ ዓይናቸው ተሠራ። እዚያው አድረው እሑድ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ፣ ወደ ቤት ስንመለስ መኪናዋ ላይ ከፊት ካልተቀመጥኩ አሉ። ኦቦ ቦጂያን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ሸብተሃል እኮ!» አሉ።

«ስጠብቅሽ ነዋ!»

ኤልቃና ቁልፉን ሲከፍት ጎንበስ ብለው በተሠራው ዓይናቸው መብራቷን ፈለጉ።

«ይህችን ታህል ናት?»

ሞተሩ ተነሳ።

«ጠፋች» አሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው።